የዓይን ቆብ በሽታዎችን በየስማቸውና በየቍጥራቸው ስለ መመዝገብ



ከሐኪም ቤት የተመለሰ ሰው «ምን ነው አሉህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ዓይኔን ነው» የሚል ነው። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ሕመሙን ለይቶ አያስታውቅም። ዓይንን የሚያመው ነገር ብዙ ነውና። ከዓይን ክፍሎች መካከል ቆቡ ብቻውን እንኳ ልዩ ልዩ ሕመሞች አሉበት። ከእነርሱ አንዳንዱ በሞቀ ውሃ በተነከረ ንጹሕ ጨርቅ የሚድን ነው፤ አንዳንዱ በጊዜው በቀዶ ሕክምና ካልተስተካከለ የሚያሳውር ነው፤ አንዳንዱም ሕይወትን የሚያሰጋ ነው። እነዚህን ሁሉ «የዓይን ሕመም» በሚል አንድ ስም በመዝገብ ላይ ማስፈር ጤፉን፥ ገብሱንና እንክርዳዱን ቀላቅሎ በአንድ ጎተራ እንደ ማስገባት ያለ ነው።

ስለዚህ በዚህ ወር ትምህርታችን የዓይን ቆብ በሽታዎች እንዴት እንደሚለዩ፥ በዓለም የጤና ድርጅት ዝርዝርም በምን መለያ ቍጥር እንደሚመዘገቡ እናስረዳለን። ነገሩ ለመዝገብ ጸሓፊዎች ብቻ የሚጠቅም መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን ስሙ በትክክል ያልተጻፈ ሕመም አይቈጠርም፤ ላልተቈጠረም ሕመም መድኃኒትም ሆነ ሐኪም አይመደብለትም። የዚህም ጕዳት የሚደርሰው በጸሓፊው ላይ ሳይሆን በሕመምተኛው ላይ ነው።

ሀ. የዓይን ቆብ ምን እንደ ሆነ

የዓይን ቆብ ዓይንን ከአቧራ፥ ከብርሃን ብዛትና ከጕዳት የሚጠብቅ መዝጊያ ነው። ቆዳው እጅግ ስስ ስለ ሆነ በጥቂት ምክንያት ያብጣል። ከቆዳው ሥር ቆቡን የሚከፍቱና የሚዘጉ ጡንቻዎች አሉ። ከእነርሱም በታች ለቆቡ ቅርጽ የሚሰጥ ጠንከር ያለ ሰሌዳ ይገኛል። በሰሌዳው ውስጥ ቅባት የሚያመነጩ ጥቃቅን ዕጢዎች ተሰልፈዋል፤ ቅባቱም እንባ ቶሎ እንዳይደርቅ ያደርጋል። ከሁሉ በስተውስጥ ርጥብና ስስ የሆነ ሽፋን አለ። በጠርዙ ላይ ደግሞ ሽፋሽፍት ወደ ውጭ አዘንብሎ በቅሏል።

እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ሕመም አለው። ዕጢው ሲደፈን እባጭ ይወጣል፤ ጠርዙ ሲቈጣ ቅርፊት ያበጃል፤ ጡንቻው ሲደክም ቆቡ ይወድቃል፤ ውስጠኛው ሽፋን ጠባሳ ሲይዝ ሰሌዳው ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ሽፋሽፍቱም ዓይንን ይወጋል። ስለዚህ «ቆቡን አመመው» ማለት ገና የምርመራው መጀመሪያ ነው እንጂ መጨረሻው አይደለም።

ለ. መለያ ቍጥሩ ከየት እንደ መጣ

ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አንድ ሕመም በየአገሩና በየቋንቋው ልዩ ልዩ ስም አለው። በአንድ አገር እንኳ አንዱ ሐኪም የሚጠራበትን ስም ሌላው ላይጠራበት ይችላል። ከዚህም የተነሣ የአንዱን አገር ሕመም ከሌላው አገር፥ የዘንድሮውንም ከአምናው ጋር ማስተያየት አስቸጋሪ ነበር። ይህን ለማቃናት ዣክ ቤርቲዮን የተባለው ፈረንሳዊ የስታቲስቲክስ ሊቅ በ1893 ዓ.ም. የሞት ምክንያቶችን ዝርዝር አዘጋጅቶ አቀረበ። ዝርዝሩ በ1900 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ በተደረገ ጉባኤ ታይቶ ታረመ፤ ከዚያም ወዲህ በየጊዜው እየታረመ መጣ።

የሞት ምክንያት ብቻ የሚቈጠርበት ዝርዝር ግን ሰውን ሳይገድሉ የሚያሳውሩትን ሕመሞች በሚገባ ሊያሳይ አይችልም። በ1948 ዓ.ም. የዓለም የጤና ድርጅት ሥራውን ተረክቦ ስድስተኛውን እርማት ሲያወጣ፥ ከሞት ምክንያቶች ጋር በሕይወት ያሉ ሰዎች ሕመም እንዲመዘገብበት ሆነ። አሥረኛው እርማት በ1990 ዓ.ም. ጸደቀ። ዐሥራ አንደኛው በ2019 ዓ.ም. ተቀባይነት አግኝቶ ከጥር ወር 2022 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ እንዲውል ተወሰነ። ሆኖም ከአንዱ እርማት ወደ ሌላው መሸጋገር ብዙ ዝግጅት የሚጠይቅ ነው። አሥረኛው በብዙ መጻሕፍትና መዝገቦች የሚገኝ ስለ ሆነ በዚህ ትምህርት የምንጠቀመው በእርሱ ነው።

ሐ. የቍጥሩ አጻጻፍ

እያንዳንዱ መለያ ቍጥር፥ በውጭው ቃል ኮድ የሚባለው፥ በአንድ የላቲን ፊደል ይጀምራል። እኛ ግን ፊደሉን እንደሚነበበው በአማርኛ እንጽፈዋለን። ከፊደሉ ቀጥለው የሚመጡት ሁለት አኃዞች የሕመሙን ወገን ያመለክታሉ፤ ከነጥቡ በኋላ ያለው አኃዝ ደግሞ ሕመሙን ለይቶ ይጠራል። ለምሳሌ የዓይን ሕመሞች ከኤች 00 እስከ ኤች 59 ባለው ክፍል ይገኛሉ፤ ከኤች 60 እስከ ኤች 95 ያለው የጆሮ ሕመም ነው። እንግዲህ ከአኃዞቹ አንዱ ቢሳሳት ዓይኑን የታመመው ሰው ጆሮውን እንደ ታመመ ሆኖ ሊቈጠር ይችላል ማለት ነው።

አንዳንድ አገሮች ከዚህም አልፈው ተጨማሪ አኃዞች ያስገባሉ። በአሜሪካ ከጥቅምት 1 ቀን 2015 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር) ጀምሮ በሚሠራበት ዝርዝር የቀኙ ከግራው፥ ላይኛው ቆብ ከታችኛው ይለያል። የሽፋሽፍት መዞር ብቻ ሲሆን ኤች 02.051 የቀኝ ዓይን ላይኛውን ቆብ፥ ኤች 02.052 የቀኙን ታችኛ፥ ኤች 02.054 የግራውን ላይኛ፥ ኤች 02.055 የግራውን ታችኛ ያመለክታል። ይህን ያህል መዘርዘር ከመጠን ያለፈ ይመስላል። ነገር ግን አራት ቆቦች ያሉትን ሰው ለቀዶ ሕክምና ሲያዘጋጁ የትኛው እንደ ሆነ አስቀድሞ መጻፍ የሚጠቅም መሆኑን ማንም ይረዳዋል።

መ. ዋና ዋናዎቹ ሕመሞችና ቍጥራቸው

ኤች 00.0፤ የቆብ ብጉንጅ። በቆቡ ጠርዝ ላይ የሚወጣ፥ የሚቀላ፥ ሲነኩት የሚያምና መግል የሚቋጥር ነው። ብዙውን ጊዜ የሚያመጡት በቆዳ ላይ የሚኖሩ ስታፊሎኮከስ የተባሉ ተሕዋስያን ናቸው። በሞቀ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ በቀን ሦስትና አራት ጊዜ ለ10 ደቂቃ ያህል ማስቀመጥ ይረዳል። ማፍረጥ ግን ፈጽሞ አይገባም።

ኤች 00.1፤ የቅባት ዕጢ ሲደፈን በቆቡ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚያድግ እባጭ። ከብጉንጅ የሚለየው ብዙ ጊዜ የማያም በመሆኑ ነው።

ኤች 01.0፤ የቆብ ጠርዝ መቈጣት። ሽፋሽፍቱ ሥር ቅርፊት ይይዛል፤ ያሳክካል፤ ያቃጥላል። ቶሎ የማይለቅና ተመላልሶ የሚመጣ ስለ ሆነ ጠርዙን በየቀኑ በጥንቃቄ ማጽዳት ያስፈልጋል።

ኤች 01.1፤ ተላላፊ ያልሆነ የቆብ ቆዳ ቍጣ። ከመዋቢያ፥ ከቅባት ወይም ከሌላ ቆዳን ከሚያስቈጣ ነገር ሊመጣ ይችላል።

ኤች 02.0፤ የቆብ ወደ ውስጥ መታጠፍና የሽፋሽፍት ዓይንን መውጋት። ስለዚህ ሰፋ አድርገን ከዚህ በታች እንመለስበታለን።

ኤች 02.1፤ የቆብ ወደ ውጭ መገልበጥ። እንባ በጉንጭ ላይ ይፈስሳል፤ ዓይንም ይደርቃል።

ኤች 02.2፤ ቆብ ሙሉ በሙሉ አልዘጋ ማለት። የፊት ነርቭ ሲታመም ወይም በሥጋ ደዌ ምክንያት ሊደርስ ይችላል። ሌሊት ሳይከደን የሚያድር ዓይን ይደርቃል፤ ይቈስላልም።

ኤች 02.4፤ ከተወለዱ በኋላ የሚመጣ የቆብ መውደቅ።

ኤች 02.6፤ በቆብ ቆዳ ላይ የሚታይ ቢጫ የስብ ንጣፍ። ራሱ አያምም፤ ነገር ግን በደም ውስጥ የስብ መብዛት ምልክት ሊሆን ስለሚችል ደምን ማስመርመር ይገባል።

ኤች 02.9፤ ያልተለየ የቆብ ሕመም። ይህ ቍጥር መኖሩ መልካም ነው፤ ሕመሙ ገና ሳይታወቅ የሐሰት ስም ከመስጠት «አልተለየም» ብሎ መጻፍ ይሻላልና። ነገር ግን በየወሩ መዝገቡ በዚህ ቍጥር ብቻ የተሞላ ቢሆን፥ ምርመራው በሚገባ አለመደረጉን ወይም በሚገባ አለመጻፉን ያመለክታል።

ከዚህም ሌላ በቆብ ላይ ቢታዩም ቍጥራቸው በሌላ ክፍል የሚገኝ ሕመሞች አሉ። ከልደት ጀምሮ የወደቀ ቆብ ኪው 10.0 ይባላል። የቆብ መቀደድ ኤስ 01.1፥ የቆብ መቃጠል ቲ 26.0፥ የቆብ ቆዳ ካንሰር ሲ 44.1 ነው። ቍንጭር በቆብ ላይ ሲወጣ ደግሞ ሁለት ቍጥር ይጻፍለታል፤ ቢ 55.1 የሕመሙን ሥር፥ ኤች 03.0 የወጣበትን ቦታ ያስታውቃሉ። በዝርዝሩ ላይ የመስቀል ምልክት ያለበት የሥሩ፥ የኮከብ ምልክት ያለበት የቦታው ቍጥር ነው። የኮከቡ ቍጥር ለብቻው ሊጻፍ አይገባም።

ሠ. ስለ ትራኮማና ስለ ጠጕር መውጋት

አሁን ከሁሉ ይልቅ አገራችንን ወደሚመለከተው እንሻገር። ትራኮማ፥ በሕዝባችን ዘንድ የዓይን ማዝ የሚባለው፥ በእጅ፥ በጨርቅና በዝንብ ከልጅ ወደ ልጅ፥ ከልጅም ወደ እናት የሚተላለፍ በሽታ ነው። ዓይን ደጋግሞ በበሽታው ሲያዝ የላይኛው ቆብ ውስጠኛ ሽፋን ይጠብሳል። ጠባሳው ከዓመታት በኋላ እየተኰማተረ ቆቡን ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ሽፋሽፍቱም ዞሮ ዓይኑ በተርገበገበ ቍጥር ጥርት ያለውን የዓይን ገለፈት ይፍቀዋል። በዚህም ምክንያት ገለፈቱ ነጭ ሆኖ ብርሃን ይጠፋል። የዓይን ብርሃን በዚህ መንገድ ከጠፋ በኋላ መመለሱ እጅግ አስቸጋሪ ነው።

በዓለም ላይ የትራኮማ ሸክም ከሁሉ ይልቅ የከበደው በኢትዮጵያ ነው። በ2006 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር) በወጣው አገር አቀፍ ጥናት፥ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ ልጆች 40 በመቶ ያህሉ ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው። ከ15 ዓመት በላይ ከሆኑትም 3.1 በመቶው ሽፋሽፍታቸው ዓይናቸውን ይወጋቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ በመድኃኒት እደላና በቀዶ ሕክምና ብዙ ሥራ ተሠርቷል፤ ሆኖም ሥራው አላለቀም።

እንግዲህ የመለያ ቍጥሩ ጥቅም እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል። ልጁ ንቁ ትራኮማ ሲኖርበት ቍጥሩ ኤ 71.1 ነው፤ የሚያስፈልገውም መድኃኒትና የፊት ንጽሕና ነው። እናቱ ግን በሽታው ካለፈ በኋላ በቀረው ጠባሳ ምክንያት ጠጕር የሚወጋት ከሆነ፥ የእርሷ ቍጥር ኤ 71 አይደለም። ኤች 02.0 ተብሎ ይጻፋል፤ የትራኮማ ቅሪት መሆኑን ለማስታወቅ ደግሞ ቢ 94.0 ይጨመርበታል። የሚያስፈልጋትም ቆቡን የሚያስተካክል ቀዶ ሕክምና ነው። ሁለቱም «ትራኮማ» ተብለው በአንድ መስመር ቢጻፉ፥ ስንት ሰው መድኃኒት፥ ስንት ሰው ቀዶ ሕክምና እንደሚያሻው ከመዝገቡ ሊታወቅ አይችልም።

ለምሳሌ ያህል አንዲት እናት በገበያ ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መጣች እንበል። ዓይኗ ቀልቷል፤ ያነባል። ጠዋት ከቤት ከመውጣቷ በፊት ልጇ የሚወጋትን ጠጕር በወረንጦ ነቅላላታለች። መርማሪው ሲያይ የሚወጋ ጠጕር አያገኝም፤ «የዓይን መቅላት» ብሎ ይጽፍና ቅባት ሰጥቶ ያሰናብታታል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጠጕሩ እንደ ገና ይበቅላል፤ አጭርና ጠንካራ ሆኖ ከቀድሞው ይልቅ ይወጋታል። መዝገቡ ግን ጠጕር የሚወጋት ሴት በዚያ ወረዳ መኖሯን አያውቅም።

የዓለም የጤና ድርጅት በ1987 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር) ያወጣው የትራኮማ ደረጃ አሰጣጥ ይህን አስቀድሞ ተመልክቶታል። አንድ ሽፋሽፍት እንኳ ዓይንን ቢነካ፥ ወይም የዞረ ሽፋሽፍት በቅርቡ የተነቀለ መሆኑ ቢታወቅ፥ ሕመሙ አለ ተብሎ እንዲቈጠር ያዝዛል። ስለዚህ መርማሪው ማየት ብቻ ሳይሆን «ወረንጦ ትጠቀሚያለሽ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ሕመምተኛዋም ሳትጠየቅ ብትናገር መልካም ነው።

ትራኮማ ከአንድ አገር እንደ ሕዝብ ጤና ችግር ጠፍቷል የሚባለው በልክ ነው። በየአካባቢው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ ልጆች በንቁ ትራኮማ የተያዙት ከ5 በመቶ ማነስ አለባቸው። ከ15 ዓመት በላይ ከሆኑትም፥ ጠጕር እየወጋቸው በጤና አገልግሎት ዘንድ ያልታወቁት ከ0.2 በመቶ፥ ማለት ከ1,000 ሰዎች ከ2 ማነስ ይገባቸዋል። «ያልታወቁ» የሚለውን ቃል ልብ ይበሉ። የታወቀ የሚባለው ለቀዶ ሕክምና ቀን የተቈረጠለት፥ ቀዶ ሕክምናውን አልፈልግም ያለ፥ ወይም ተሠርቶለት ሕመሙ የተመለሰበት ሰው ነው። እንግዲህ ሰውን ከማይታወቀው ወገን ወደሚታወቀው የሚያሻግረው አንዱ ነገር ስሙና ሕመሙ በትክክል መጻፉ ነው።

ረ. ስም ከመስጠት በፊት መጠንቀቅ የሚያሻቸው

አንደኛ፤ በዕድሜ በገፋ ሰው ቆብ ላይ በአንድ ቦታ ተመላልሶ የሚወጣ እባጭ፥ ይልቁንም በዚያው ቦታ ሽፋሽፍቱ ከረገፈ፥ በየጊዜው ኤች 00.1 እየተባለ ሊታለፍ አይገባም። ካንሰር ሊሆን ስለሚችል ናሙናው ተቈርጦ መመርመር አለበት። ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ ግን ካንሰር ተብሎ አይመዘገብም፤ ጥርጣሬ እንደ ተረጋገጠ ነገር አይጻፍምና።

ሁለተኛ፤ በአዋቂ ሰው ላይ በድንገት የወደቀ ቆብ፥ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከመታየት ወይም ከብርቱ ራስ ምታት ጋር ከሆነ፥ የቆብ ሕመም ብቻ ላይሆን ይችላል። የአንጎል ወይም የነርቭ ሕመም ምልክት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል።

ሦስተኛ፤ የሕፃን ቆብ ወድቆ ብሌኑን ሲሸፍን «ሲያድግ ይተወዋል» ማለት አደገኛ ነው። በልጅነቱ ብርሃን ያልደረሰው ዓይን የማየት ኃይሉ ሳያድግ ይቀራል፤ በኋላ ቆቡ ቢነሣ እንኳ ዓይኑ በሚገባ ላያይ ይችላል።

ሰ. የመምህራንና የአንባብያን ድርሻ

ቍጥሩን የሚሰጠው የጤና ባለሙያ ነው። ነገር ግን ትክክለኛው ቍጥር የሚገኘው ከትክክለኛ ቃል ነው፤ ቃሉንም የሚያመጣው ሕመምተኛው ወይም አብሮት የመጣው ሰው ነው። ስለዚህ ተማሪን ወደ ጤና ጣቢያ የሚልክ መምህር፥ ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ጎረቤቱን የሚያደርስ ሰው፥ እነዚህን አምስት ነገሮች በቍራጭ ወረቀት ጽፎ ቢሰጥ ታላቅ እርዳታ ነው።

1ኛ፤ ቀኝ ዓይን ነው ወይስ ግራ?
2ኛ፤ ላይኛው ቆብ ነው ወይስ ታችኛው?
3ኛ፤ ከመቼ ጀምሮ ነው? ከልደት ነው ወይስ በኋላ የመጣ?
4ኛ፤ ያማል ወይስ አያምም? ይወጋል ወይስ ያሳክካል?
5ኛ፤ ከዚህ በፊት ምን ተደርጎለታል? በወረንጦ ተነቅሏል ወይ? ቀዶ ሕክምና ተሠርቶለታል ወይ?

ከሐኪም ቤት ሲመለሱም «ሕመሜ ማን ይባላል?» ብሎ መጠየቅና በካርዱ ላይ መጻፉን ማየት ድፍረት አይደለም፤ የሕመምተኛ መብት ነው። ዳግመኛ በሌላ ጤና ጣቢያ ቢታከም ያ ስም መንገዱን ያሳጥርለታል።

መልመጃ

መምህራን ከተማሪዎች ጋር እንዲወያዩበት አራት ጥያቄዎች እናቀርባለን።

1. የ10 ዓመት ተማሪ ግራ ታችኛ ቆቡ ጠርዝ ላይ ከሁለት ቀን ወዲህ የቀላና የሚያም ነገር ወጥቶበታል። ቍጥሩ ማን ነው?
2. ከተወለደች ጀምሮ የቀኝ ቆቧ የወደቀ ሕፃን ቍጥር በኤች ይጀምራልን?
3. አያታችሁ የላይኛው ቆባቸው ጠባሳ ይዞ፥ ሽፋሽፍታቸውን በየወሩ በወረንጦ ያስነቅላሉ። የሚጻፉት ሁለት ቍጥሮች የትኞቹ ናቸው?
4. የ65 ዓመት ሽማግሌ በአንድ ቦታ ለሦስተኛ ጊዜ እባጭ ወጥቶባቸዋል፤ ሽፋሽፍቱም ረግፏል። ምን መደረግ አለበት?

መልስ፤ የመጀመሪያው ኤች 00.0 ነው። ሁለተኛው አይጀምርም፤ ኪው 10.0 ነው። ሦስተኛው ኤች 02.0 እና ቢ 94.0 ናቸው። ለአራተኛው ከቍጥሩ በፊት የናሙና ምርመራ ያስፈልጋል።

ሦስተኛውን ጥያቄ ተማሪዎች ወደየቤታቸው ይዘውት ቢሄዱ ደስ ይለናል። ወረንጦ በመሶብ ሥር ወይም በነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ የሚገኝበት ቤት ገና ብዙ ነው። በዚያ ቤት ያለችው እናት ወይም አያት ሕመሟ ስም እንዳለው፥ ሐኪምም ሊያስተካክለው እንደሚችል ከልጁ አፍ ትስማ። ከዚያም ልጁ እጇን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ ያድርሳት፤ ወረንጦውንም ይዛ ትሂድ፤ መርማሪው አይቶ በትክክል ይጽፍ ዘንድ።